የቆዳ ጉርብርብና አፍተግር በረታችሁን እንዳይጨርሱት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ከብት አርቢ

ቡሬ የምትባል ክልስ ላም ነበረችኝ። ጠዋት 6 ሊትር፣ ማታ 5 ሊትር አትጎድልብኝም። አንድ የጥቅምት ማክሰኞ ጠዋት ሳልባት 3 ሊትር እንኳ አልሞላም። ግቷ ደህና ነው፣ አልጋለም፣ አልደደረም። ፉርሽካዋን ግን በአፍንጫዋ ገፋ አድርጋ ትታዋለች። ዓይኗ ያለቅሳል። «ይለፍላት» ብዬ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ረቡዕም እንዲሁ አለፈ። ሐሙስ ጠዋት አንገቷን ስዳብስ እጄ ስር አንድ ነገር ተንከባለለ። ጠጠር ያለ፣ ሽምብራ የሚያህል። ቀጥሎ ሌላ። ቅዳሜ ላይ ከአንገቷ እስከ ታፋዋ ጉብጉብ ብላ ነበር፣ ትልልቆቹ የዶሮ እንቁላል ግማሽ ያህላሉ። ከአምስቱ ከብቶቼ ሦስቱ ታመሙ። አንድ ጥጃ ሞተብኝ። ቡሬ የአምስት ወር ፅንሷን ጣለች።

ያ ማክሰኞና ረቡዕ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በሁለቱ ቀናት ውስጥ ላሟን ለይቼ፣ በረቱን ዘግቼ፣ ሐኪም ጠርቼ ቢሆን ሁሉንም ባላድን እንኳ ግማሹን አድን ነበር። ይህን የምጽፈው እናንተ እንዳታባክኗቸው ነው።

የማወራው በዋናነት ስለ ሁለት የቫይረስ በሽታዎች ነው። አንዱ የቆዳ ጉርብርብ ነው፣ ቆዳ ላይ እብጠት የሚያወጣው። ሌላው አፍተግር ነው፣ አንዳንዱ ማዝ የሚለው። ሁለቱም ሰው ላይ የሚያሰጉ አይደሉም። ሁለቱም በቫይረስ ስለሚመጡ በሽታውን ራሱን የሚገድል መድኃኒት የላቸውም። መርፌ ብትወጉም፣ ፔኒሲሊን ብታፈሱም ቫይረሱ አይሞትም። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ቀድሞ በማየትና በመነጠል ላይ ነው።

1. መጀመሪያ ጤነኛዋን እወቋት

የታመመች ላም የምትለዩት ጤነኛ ሆና ሳለ ምን እንደምትመስል ስታውቁ ብቻ ነው። ደብተር ግዙ። አንድ ገጽ ለአንድ ከብት። ወተት ጠዋትና ማታ በሊትር፣ በኮርማ የተጠቃችበት ቀን፣ የተከተበችበት ቀን፣ ከየት እንደመጣች። በቃ። ይህች ደብተር ከማንኛውም መድኃኒት በላይ ትጠቅማችኋለች፣ ምክንያቱም የወተት መቀነስ ብዙ ጊዜ ከሁሉም ምልክት ቀድሞ ነው የሚታየው፣ በጭንቅላት ይዛችሁት ከሆነ ደግሞ «ትናንትም እንዲህ ነበረች እንዴ?» እያላችሁ ስትከራከሩ ቀኑ ይመሻል።

ሁለተኛው ቴርሞሜትር ነው። ከፋርማሲ የሚገዛው ተራ ዲጂታሉ ይበቃል፣ ለሰው ግን ሁለተኛ እንዳትጠቀሙበት። ጫፉን ቫዝሊን ቀቡት። ጅራቷን ወደ ጎን ያዙ፣ ከኋላዋ ሳይሆን ከጎኗ ቁሙ፣ በፊንጢጣዋ ቀስ ብላችሁ አስገቡና የአንጀቱን ግድግዳ እንዲነካ ትንሽ ዘንበል አድርጉት። እበት መሃል ከተሰነቀረ የሚያሳያችሁ ቁጥር ውሸት ነው። ድምፅ እስኪያሰማ ጠብቁ። ክር አስራችሁ ክሩን ያዙ፣ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

የጤነኛ ከብት ሙቀት በግምት ከ38 እስከ 39.3 ዲግሪ ነው። ከ39.5 በላይ ሲሆን ትኩሳት ነው በሉ። ጉርብርብና አፍተግር 40ን ያልፋሉ፣ 41 የሚደርስም አለ። ኮምቦልቻ ሞቅ ያለ አገር ስለሆነ ከሰዓት ፀሐይ ላይ የቆመች ክልስ ላም ሳትታመምም ልትሞቅ ትችላለች። ስለዚህ ሁልጊዜ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ ለኩ። ደሴ ላይ ይህ ያን ያህል አያስቸግርም።

ሦስተኛው እጃችሁ ነው። አንገትና ትከሻ በሚገናኙበት ቦታ ከቆዳው ስር ንፍፊት አለች። በጤናዋ ጊዜ ዳብሷትና መጠኗን አስታውሱ። በጉርብርብ ጊዜ ቆዳው ላይ ምንም ሳይወጣ ይህች ንፍፊት ታብጣለች፣ ከታፋ ፊት ያለችውም እንደዚሁ። እኔ ያን ማክሰኞ እጄን እዚያ ላይ ባሳርፍ ኖሮ በደንብ አገኛት ነበር።

2. ምልክቱን ለዩ

ጉርብርብ እንዲህ ይጀምራል። ትኩሳት፣ የዓይን እንባ፣ የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የወተት መቀነስ፣ የምግብ መጥላት። ከዚያ ጠንካራ፣ ክብ፣ ከቆዳው ጋር አንድ ላይ የሚንቀሳቀስ እብጠት ይወጣል። ስፋቱ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር እስከ 5 ሳንቲ ሜትር። አንገት፣ ጀርባ፣ ግት፣ ብልት፣ በእግሮች መሃል አይቀርም። አንዳንዴ እግሯ ወይም ደረቷ ውሃ ቋጥሮ ያብጣል። ቆይቶ እብጠቱ መሃሉ ይሞትና እንደ ክዳን ተነስቶ ይወድቃል፣ ጉድጓድ ይተዋል። ቆዳዋን ለገበያ ያሰበ ሰው እዚያ ላይ ያዝናል። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ምልክት እስኪታይ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል፣ አንዳንዴ እስከ አራት ሳምንት ይዘገያል።

ይህን ከሌላ ነገር ለዩት። ነፍሳት ነክሰዋት ወይም የበላችው ሳር አልስማማ ብሏት ድንገት የሚወጣ እብጠት አለ፣ እሱ ለስላሳ ነው፣ ትኩሳት የለውም፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል። ቋቁቻም ክብ ነው፣ ግን ፀጉር ያረግፋል እንጂ አይደድርም።

አፍተግር ፈጣን ነው። ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 8 ቀን ባለው ጊዜ ይታያል፣ እስከ 14 ቀንም ሊቆይ ይችላል። ላሟ ለሃጭ ታዝረበርባለች፣ ከንፈሯን ታጨበጭባለች፣ ጧ ጧ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ምላሷና ድዷ ላይ ውሃ የቋጠረ ፊኛ ይወጣና ይፈነዳል፣ ቦታው ቀይ ሥጋ ይሆናል። በሰኮናዋ መሃልም፣ ጡቷ ላይም ይወጣል። ስለዚህ ታነክሳለች፣ እግሯን ትራግፋለች፣ ስትታለብ ትራገጣለች። ትልቁ ምልክት ግን ፍጥነቱ ነው። ዛሬ አንድ፣ ከነገ ወዲያ አራት፣ ሳምንት ሳይሞላ በረቱ በሙሉ። ትልልቆቹ ከስንት አንዴ ነው የሚሞቱት። ጥጆች ግን ፊኛም ሳይወጣባቸው ድንገት ወድቀው ይሞታሉ፣ ቫይረሱ የልባቸውን ጡንቻ ስለሚመታ። ከዳነች በኋላ ደግሞ አንዳንዷ ክልስ ለወራት ፀሐይ አትችልም፣ ታለከልካለች፣ ፀጉሯ ይንጨባረራል።

እዚህ ጋ አደራ የምላችሁ ነገር አለ። ለሃጭ የምታዝረበርብ ላም ስታዩ ባዶ እጃችሁን አፏ ውስጥ እንዳትከቱ። የእብድ ውሻ በሽታም ለሃጭ ያስወርዳል። የበላችው ነገር ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሮ መስሎት እጁን ሰዶ የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው። አፍተግር ከሆነ ሌሎቹም ይታመማሉ፣ ያነክሳሉ፣ አፏ ውስጥ ቁስል አለ። አንዷ ብቻ ለሃጭ አውርዳ፣ ድምፅዋ ተለውጦ፣ ካለወትሮዋ ተቆጥታ ወይም ፈዝዛ፣ መዋጥ አቅቷት ካያችሁ ራቁና ሐኪም ጥሩ። ለሃጩ እጃችሁ ላይ ባለ ጭረት ከነካችሁ ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ታጠቡና ጤና ጣቢያ ሂዱ። የሰው ነፍስ ከላም ይበልጣል።

ድንገት ሞታ ከአፍንጫዋና ከፊንጢጣዋ ጥቁር፣ የማይረጋ ደም የፈሰሳትንም አትንኩ፣ አትገፈፉ። ያ አባሰንጋ ሊሆን ይችላል፣ የባክቴሪያ በሽታ ነው፣ ሰው ይገድላል።

3. የጠረጠራችሁበት ቀን

ማረጋገጫ አትጠብቁ። ወተቷ ቀንሷል፣ ሙቀቷ ከ39.5 አልፏል፣ መብላት ትታለች፤ ሦስቱ አንድ ላይ ከመጡ በዚያው ሰዓት እንደሚከተለው አድርጉ።

ለዩአት። ሌላ ጋጣ ካለ ወደዚያ፣ ከሌለ ከግቢው በሌላኛው ጫፍ ዛፍ ስር ጥላ ሥሩላት። አንድ የውሃ ባልዲ፣ አንድ የመኖ ገንዳ የእሷ ብቻ ይሁን። ነፋስ ከእሷ ወደ ሌሎቹ የማይነፍስበት ቦታ ቢሆን መልካም ነው። ከተማ ውስጥ ግቢ ጠባብ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ደሴ ላይ ሰው ከብቱን ቤቱ ጀርባ በአንድ ክፍል ነው የሚያኖረው። አምስት ሜትር እንኳ ከዜሮ ይሻላል።

በሩን ዝጉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከብት አይወጣም፣ አይገባም። ውሃ ለማጠጣት ወደ ቦርከና ወንዝ መውሰድ የለም። የወል ግጦሽ የለም። ከጎረቤት ኮርማ ማምጣት የለም፣ የጉርብርብ ቫይረስ በዘር ፈሳሽም ይገኛል። ወተት ሰብሳቢው ከነጀሪካኑ በር ላይ ይቁም፣ እናንተ አውጡለት። መኖ የሚያመጣው ባጃጅም ውጪ ያራግፍ። ፉርሽካውን፣ ፋጉሎውንና የቢራ ተረፈ ምርቱን የሚያመላልሰው ያው ሰው ከአንዱ በረት ወደ ሌላው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እሱ ጥፋት የለበትም፣ ጫማው ግን ይሸከማል።

«ሳትሞት ልሽጣት» የሚል ሐሳብ ይመጣባችኋል። እኔንም መጥቶብኛል። ያኔ አንድ በዕድሜ የገፉ ጎረቤታችን በር ላይ ቆመው «ልጄ፣ አንተን ያቃጠለህን እሳት ለሌላ ሰው ቤት አትጫር» አሉኝ። አልሸጥኩም። የታመመች ላም ወደ ገበያ ማውጣት በሽታውን ወደ ሐርቡ፣ ወደ ሐይቅ፣ ወደ ኩታበር መላክ ነው፣ ዞሮ ደግሞ ወደ እናንተው ይመለሳል።

ሐኪም ጥሩ፣ ሪፖርትም አድርጉ። የቀበሌ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወይም የግብርና ጽሕፈት ቤት ዘንድ ሂዱ። ሁለቱም በሽታዎች ሪፖርት የሚደረጉ ናቸው። ብዙ ሰው «በረቴን ይዘጉብኛል» ብሎ ይደብቃል። ሪፖርት ካልተደረገ ግን ለአካባቢው ክትባት አይመጣም። እኛ ደግሞ ዕድለኞች ነን፣ ኮምቦልቻ ላይ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ፣ ደሴ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል። ብዙ ዞን ይህን አያገኝም።

ናሙና እናንተ አትውሰዱ፣ ሐኪሙ ይውሰድ፣ ግን ምን እንደሚያስፈልግ ካወቃችሁ ትጠይቃላችሁ። ለጉርብርብ ከእብጠቱ ቁራሽ ወይም ቅርፊቱ። ለአፍተግር ከተፈነዳው ፊኛ የሚላጠው ስስ ቆዳ፣ ገና ትኩስ ሳለ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት። ሰባተኛው ቀን ላይ ቁስሉ ደርቆ ቢጠሩት ሐኪሙ የሚወስደው ነገር ያጣል። ናሙናው በበረዶ ሳጥን ነው የሚሄደው። ለአፍተግር ላቦራቶሪ የሚለይላችሁ ዓይነቱንም ጭምር ነው። ዓይነቱ ለክትባት ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ከታች እነግራችኋለሁ።

በየጠዋቱ የቀሩትን ሁሉ ሙቀት ለኩ። ይህ አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ቀጣይዋን ከመልኳ ሁለት ቀን ቀድማችሁ የምታገኟት በዚህ ብቻ ነው። ሙቀቷ ከፍ ያለችውን በዚያው ጠዋት ከጤነኞቹ ለይዋት።

4. እጅ፣ ጫማ፣ ዝንብ

ሁለቱ በሽታዎች በተለያየ መንገድ ነው የሚዛመቱት። አፍተግር በትንፋሽ፣ በለሃጭ፣ በወተት፣ በእበት፣ በጫማና በልብስ ይሄዳል። ጉርብርብ ደግሞ በዋናነት በሚናከስ ዝንብ፣ በትንኝና በመዥገር ነው። ለዚህም ነው ክረምቱ አልፎ ከመስከረም እስከ ኅዳር የሚበረታው። ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ብላ የምትገኝና የምትሞቅ ስለሆነች ዝንቡ ይበዛል፣ የደሴ ሰው ግን «እኛ ደጋ ነን» ብሎ አይዘናጋ። ጥጋ ጥጉ ላይ የከረመ እርጥብ እበት የራሱን ሙቀት ይሠራል።

ሥርዓት አብጁ። መጀመሪያ ጤነኞቹን ማለብ፣ ማብላት፣ ማጠጣት። ከዚያ ጥጆቹን። የታመመችዋን መጨረሻ። ከእሷ ዘንድ የምትለብሱት አንድ አሮጌ ካፖርትና አንድ ቦቲ ይኑር፣ እዚያው ይቀመጥ። የሚቻል ከሆነ አንድ ሰው ለታመመችው ብቻ ይመደብ። ልጆች «ላሟ ታማለች» ሲባል ማየት ይፈልጋሉ፣ አታስገቡ።

በር ላይ የጫማ መንከሪያ አኑሩ። ሰፋ ያለ ሳህን፣ ውስጡ ጆንያ፣ ላዩ ፀረ ተህዋሲ። መያዣው ላይ 5 ከመቶ የሚል በረኪና ከሆነ 3 ጣሳ በረኪና ከ2 ጣሳ ውሃ ጋር ቀላቅሉ፣ 3 ከመቶ ይሆናል፣ ለሁለቱም ቫይረስ ይሠራል። ለአፍተግር የልብስ ሶዳም (ሶዲየም ካርቦኔት) ጥሩ ነው፣ 400 ግራም በ10 ሊትር ውሃ። በረኪና እበት ላይ ሲፈስ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ጫማውን በውሃና በብሩሽ ጥረጉ፣ ከዚያ ንከሩ። ወለሉም እንደዚያው፣ መጀመሪያ ጠርጎ ማጠብ፣ ቀጥሎ ረጭቶ ቢያንስ 10 ደቂቃ መተው። በየቀኑ አዲስ በጥብጡ። አንድ ነገር አደራ፣ በረኪናን ከአቼቶ ጋር አትቀላቅሉ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ስለ ዝንብ። የሚናከሰው ዝንብ ቤት ውስጥ የምናየውን ይመስላል ግን አፉ እንደ መርፌ ወደ ፊት የወጣ ነው። እግሯ ላይ ይቀመጣል። ላሞቹ ያለማቋረጥ እግራቸውን መሬት ሲመቱ ካያችሁ እሱ ነው። የሚራባው እርጥብ እበትና ጉዝጓዝ የተቀላቀለበት ላይ ነው። እንቁላል ከመጣል ዝንብ እስኪሆን ሁለት ሦስት ሳምንት ስለሚፈልግ በሳምንት ሁለቴ እበቱን ጠርጋችሁ ካስወጣችሁና ስስ አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ ብትዘረጉት ትውልዱን ትቆርጡታላችሁ። ኩበት የምትጠፈጥፉ ቤቶች በዚህ ቀድማችኋል። ማታ ማታ የኩበት ጭስ ይረዳል። ጀርባ ላይ የሚፈስ የዝንብና የመዥገር መድኃኒትም አለ፣ ለምሳሌ ዴልታሜትሪን፣ ወተቱ ስንት ቀን እንደማይጠጣ ግን መያዣው ላይ አንብቡ ወይም ሐኪሙን ጠይቁ።

መርፌ። ይህ ያንገበግበኛል። በሽታው ሰፈራችን ውስጥ እያለ አንድ ሰው እየዞረ በአንድ መርፌ የስንቱን ከብት ወጋ። እኔም በሬን ከፍቼ አስገባሁት። ያቺ መርፌ ከታመመችዋ ወጥታ ጤነኛዋ ላይ ስትገባ ከዝንቡ የባሰ ሥራ ትሠራለች። ለአንድ ከብት አንድ መርፌ። ያ ካልሆነ አትወጋም።

5. የታመመችውን መንከባከብ

አብሽሩ፣ አብዛኞቹ ይድናሉ። ቫይረሱን ሰውነቷ ራሱ ነው የሚያሸንፈው፣ የእናንተ ሥራ በረሃብ፣ በጥምና በቁስል እንዳትሞት መጠበቅ ነው።

ውሃ አጠገቧ። አፏ ለቆሰለ ላም ገለባና ደረቅ ድርቆሽ እንደ እሾህ ነው። ለስላሳ እርጥብ ሳር ቆርጣችሁ ስጧት፣ ፉርሽካውን በለብ ያለ ውሃ በጥብጡ። አፏን በጨው ውሃ እጠቡ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ። ሐኪሙ አፍተግር መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ፣ በጓንት። ጭንቅላቷን ወደ ላይ ቀንብባችሁ በጠርሙስ አትጋቷት፣ ውሃው ሳንባዋ ገብቶ ሌላ በሽታ ይሆናል። አንገቷ ቀጥ ብሎ፣ ከጎን በኩል፣ ቀስ ብሎ ይፍሰስ።

እግሯ ደረቅ መሬት ላይ ይሁን። ሰኮናዋን በጨው ውሃ አጥባችሁ አድርቁት። የጉርብርብ ቁስል ላይ አዮዲን ቀቡ፣ ዝንብ እንቁላል ጥሎበት ትል እንዳያፈራ በየቀኑ ተመልከቱ። እብጠቱን በጋለ ብረት መተኮስ የለመደ ሰው አለ። አታድርጉት። ስቃይ ይጨምራል፣ ቁስሉን ያሰፋል፣ ቫይረሱ ላይ ምንም አያመጣም። ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት የሚሰጠው ቁስሉና ሳንባዋ በባክቴሪያ እንዳይመረዝ ነው፣ ሐኪም መጠኑን ይወስን፣ ከዚያ የተባለው ቀን እስኪያልፍ ወተቷን ለሰው አትስጡ።

ጡቷ ከቆሰለ ቀስ ብላችሁ ሙልጭ አድርጋችሁ እለቡ። ወተቱ ከቀረ የግት በሽታ ይከተላል። የታመመች ላም ወተት ለጥጃ ጥሬውን አይሰጥ፣ በአፍተግር ጊዜ ጥጆችን የሚገድለው አንዱ ይህ ነው።

የሞተች ካለች ሁለት ሜትር ጉድጓድ፣ ከውሃ የራቀ፣ ኖራ ይነስነስ። ወንዝ ዳር መጣል ለጅብና ለውሻ ብቻ አይደለም የሚተርፈው።

6. ክትባት

ከሁሉ በላይ የሚያዋጣው ይህ ነው። ለማያምን ሰው ደስታ የሚባለውን የከብት በሽታ አስታውሱት። ክፉ ቀን የምንለውን ረሃብ ያመጣው እሱ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1887 አካባቢ በምፅዋ በኩል በገቡ ከብቶች መጥቶ የአገሩን በሬና ላም ጨረሰ፣ ገበሬው የሚጠምደው አጣ። እሱም ቫይረስ ነበር። መድኃኒት ስላልነበረው በክትባት ተሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሙቀት የሚችል ክትባት መጥቶ፣ እዚሁ ጎረቤታችን አፋር ላይ ከአርብቶ አደሩ መሃል የሠለጠኑ ሰዎች በእግራቸው ተሸክመው ከብቱን ከተቡ። እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ዛሬ ልጆቻችን ደስታ የሚባል በሽታ መኖሩን አያውቁም።

የጉርብርብ ክትባት በዓመት አንዴ ነው። የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው። መከላከያው በደንብ እስኪገነባ ሦስት ሳምንት ገደማ ስለሚፈልግ ዝንቡ ከመብዛቱ በፊት፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ አስከትቡ። በሽታው ሰፈር ከገባ በኋላ የተከተበች ላም ቫይረሱ ቀድሞ ገብቶባት ከነበረ መታመሟ አይቀርም፣ ያኔ ሰው ክትባቱን ይረግማል። የተወጋችበት ቦታ ትንሽ ማበጥና ለጥቂት ቀን ወተት መቀነስ ያጋጥማል፣ አትደንግጡ። ከተከተበች እናት የተወለደ ጥጃ ከ3 እስከ 6 ወር ሲሞላው፣ ካልተከተበች የተወለደ ግን ቀደም ብሎ ይከተባል። ክልሶች ከሐበሻ ከብት በባሰ ስለሚጎዱ ተራ ካለ እነሱን አስቀድሙ።

የአፍተግር ክትባት የሞተ ቫይረስ ነው። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ፣ በሦስት ወይም አራት ሳምንት ልዩነት፣ ከዚያ በየ6 ወሩ። የአፍተግር ቫይረስ በዓለም ላይ ሰባት ዓይነት ነው፣ እኛ አገር ኦ፣ ኤ፣ ሳት 1 እና ሳት 2 የሚባሉት ታይተዋል። የአንዱ ክትባት ከሌላው አያድንም። «አስከትቤ ታመመችብኝ» የሚባለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ ስትገዙ ወይም ስትጠይቁ የትኞቹን እንደያዘ ጠይቁ።

ሌላው ምክንያት ቅዝቃዜ ነው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት። የአፍተግሩ ደግሞ በረዶ ከሠራ ይበላሻል። ከሚመረትበት ከቢሾፍቱ እስከ ኮምቦልቻ በደንብ መጥቶ ከመኪና ማቆሚያ እስከ በረታችሁ ባለው መንገድ ሊሞት ይችላል። ከታቢው በረዶ ያለው ሳጥን ይዞ መምጣቱን በዓይናችሁ እዩ፣ መጠየቅ ነውር አይደለም። የጉርብርቡ ክትባት ከተበጠበጠ በኋላ ለሰዓታት ብቻ ነው የሚቆየው፣ የተረፈው ለነገ አይሆንም። ሲሪንጅ በአልኮል ወይም በበረኪና ታጥቦ ከሆነም ቅሪቱ ሕያው ክትባቱን ይገድለዋል።

7. ከገበያ የመጣች ከብት

የእኔ በረት ውስጥ በሽታውን ማን አስገባው ብዬ ደብተሬን ወደ ኋላ ስገልጥ፣ ቡሬ ከመታመሟ 16 ቀን በፊት አንዲት ጊደር ከገበያ አምጥቼ በዚያው ማታ ከእነሱ ጋር አስሬያለሁ። ቆንጆ ጊደር ነበረች። ምንም አልታየባትም።

የባቲ ሰኞ ገበያን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ከአፋር፣ ከቃሉ፣ ከጨፋ ሜዳ የመጣ ከብት አንድ ላይ ይተሻሻል። ከአረፋ፣ ከመስቀልና ከፋሲካ በፊት ያለው ሳምንት ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። አዲስ የተገዛች ከብት 28 ቀን ለብቻዋ ትቆይ። ሙቀቷን በየጠዋቱ ለኩ። መዥገሯን በመጣችበት ቀን አስወግዱ። አፏንና ሰኮናዋን ስትገዙ እዩ፣ የዳነ ቁስል ጠባሳ ካለ ጠይቁ፣ ከአፍተግር የዳነች ከብት ቫይረሱን በጉሮሮዋ ይዛ ልትቆይ ትችላለች። ሳትሸጥ የተመለሰች የራሳችሁ ከብትም እንደ አዲስ ትቆጠር።

ጽንስ የሚያስወርድ፣ ጥጃ የሚያቀጭጭ ሌላ ቫይረስም አለ፣ ቫይራል ዳያሪያ የሚሉት። ላሟ በእርግዝናዋ የመጀመሪያ አራት ወራት ከያዛት፣ የሚወለደው ጥጃ ዕድሜ ልኩን ቫይረሱን እየረጨ የሚኖር ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዴም ጤነኛ መስሎ። ያለምክንያት ደጋግሞ የሚያስወርድ በረት ካላችሁ ሐኪሙን ከጥጆቹ ጆሮ ናሙና ውሰድልኝ በሉት።

8. መቼ ነው የሚከፈተው?

የመጨረሻዋ የታመመች ከብት ቁስሏ ደርቆ ቅርፊቱ ሙሉ በሙሉ ከወደቀ በኋላ 28 ቀን ቁጠሩ። ከዚያ በፊት አትክፈቱ። የጉርብርብ ቅርፊት ከወደቀ በኋላም ውስጡ ያለው ቫይረስ ከወር በላይ ይቆያል፣ ፀሐይ በማይገባበት ጨለማ በረት ውስጥ ለወራት። ስለዚህ ቅርፊቱን ለቅማችሁ አቃጥሉ። ጉዝጓዙን አውጥታችሁ አቃጥሉት ወይም ቅበሩት። የአፈር ወለል ከሆነ ላዩን ፍቃችሁ አውጡ፣ ኖራ አልብሱት። ጣሪያው ላይ አንድ ቆርቆሮ አንስታችሁ ፀሐይ ብታስገቡበት ደግሞ ጥሩ ነው፣ እኔ ያንን አድርጌ በዚያው ትቼዋለሁ፣ አሁን መስታወት መሰል ፕላስቲክ አለው።

ቡሬ ከሦስት ወር በኋላ በኮርማ ተጠቃች። አሁን ጠዋት 5 ሊትር ትሰጣለች፣ አንገቷ ላይ ጉድጓዶቹ አሉ። ያቺ ጊደርም አለች፣ የተገዛችበትን ቀን ከስሟ ጎን በቀይ ጽፌዋለሁ።